የጉማራ ዓሣ የት ገባ? ውሃው «ደህና ነው» ከተባለ በኋላ የሚነሣ ጥያቄ

ጥያቄ፦ «ያደግሁት ጉማራ ወንዝ ዳር ነው። አሁን ወረታ አካባቢ መምህር ነኝ። ልጆች ሳለን ነሐሴ ላይ ዓሣው ከጣና ተነሥቶ ሽቅብ ይወጣ ነበር፤ ታላላቆቻችን በቅርጫት ያወጡት ነበር። ዛሬ ተማሪዎቼን ይዤ ብወርድ የማሳያቸው የለኝም። አንዱ "ውሃው ተመርዟል" ይላል፤ ሌላው "ዓሣው ራሱ አልቋል" ይላል። የውሃ ናሙና አስመርምረን "ችግር የለበትም" ተባልን። ውሃው ደህና ከሆነ ዓሣው የት ገባ? ዓሣውን አይቶ ውሃውን ማወቅስ ይቻላል? ሌላው ደግሞ፣ ሞቶ የተንሳፈፈ ዓሣ ሰዎች ለቅመው ሲበሉ አያለሁ፤ ጉዳት የለውም?»

መልስ፦

መምህር፣ ወንዝ ዳር ያደገ ሰው የሚያስተውለውን እኛ መሣሪያ ይዘን የምንመላለስ ሰዎች ብዙ ጊዜ አናየውም። እርስዎ ያሉት እውነት ነው፤ በጥናትም ተመዝግቧል። ዓሣው ቀንሷል፤ ያውም በጣም።

አጭሩን ልበልና ወደ ዝርዝሩ እገባለሁ። ላብራቶሪው የተጠየቀውን በትክክል መልሷል። ችግሩ ጥያቄው ጠባብ መሆኑ ነው። ዓሣ ለመኖርና ለመራባት ከውሃው ሌላ ብዙ ነገር ይፈልጋል። ጭቃ ያልዋጠው ጠጠር ይፈልጋል። ከሐይቅ እስከ መራቢያው ያልተቋረጠ መንገድ ይፈልጋል። ሌሊቱን የማያልቅ ኦክስጅን ይፈልጋል። እንቁላል በሚጥልበት ሰሞን ደግሞ የማያደባበት ሰው ይፈልጋል። ጉማራን በተመለከተ ትልቁን ጉዳት ያደረሱት ደለል፣ የወንዙ መቆራረጥና መራቢያው ላይ የሚደረገው አደን ናቸው ብዬ አምናለሁ። ኬሚካል ከእነዚህ ቀጥሎ ይመጣል።

ከናሙናው ልጀምር። ፒኤቹ (የውሃው የአሲድነት ልክ)፣ ናይትሬቱ፣ ጨዋማነቱ፣ ምናልባትም ባክቴሪያው ታይቶ ይሆናል። ይህ ለመጠጥና ለመስኖ የሚደረግ ምርመራ ነው፤ ለዚያ ጥሩ ነው። ግን እናንተ የቀዳችሁት በዚያች ሰዓት ያለፈውን ውሃ ነው። ከሁለት ቀን በፊት አንድ ሰው የፀረ ተባይ መርጫውን ወንዙ ውስጥ አጥቦ ከነበረ ያ ውሃ ጣና ገብቷል። የአንድ ቀን ገበያ አይቶ የዓመቱን ዋጋ እንደመናገር ነው። ዓሣው ግን ቀንም ሌሊትም፣ ክረምትም በጋም እዚያው ውስጥ ነው። ያለፈው ሁሉ በእሱ ላይ አልፏል።

ይህን ሐሳብ ወደ መለኪያ የቀየረው ጄምስ ካር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣችው የንጹሕ ውሃ ሕግ የውሃዎችን ኬሚካላዊ፣ ፊዚካላዊና ሕይወታዊ ጤንነት መጠበቅን ዓላማው አድርጓል። በተግባር ግን የሚለካው በአመዛኙ ኬሚካሉ ነበር። ካር ኢንዲያና ውስጥ ብላክ ክሪክ የሚባል፣ በእርሻ መካከል የሚፈስ ጅረት ላይ ሠርቷል። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1981 የጅረትን ጤንነት በዓሣው የሚመዝን ዘዴ አሳተመ። አሥራ ሁለት ነገሮች ይታያሉ። ስንት ዝርያ አለ? ብክለት የማይችሉት ዝርያዎች አሁንም አሉ? ያገኘውን ሁሉ የሚበላው ምን ያህል ገንኗል? ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉት አሉ ወይስ ጠፍተዋል? ቁስል፣ ዕጢ ወይም የተበላ ክንፍ ያለባቸው ስንት ናቸው? ለእያንዳንዱ 1፣ 3 ወይም 5 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ ከ12 እስከ 60 ይሆናል። ነጥቡ ዝቅ ሲል ውሃው ላብራቶሪ ውስጥ ጥሩ ቢመስልም እንኳ ጅረቱ ታሟል ማለት ነው።

ስለዚህ «ዓሣውን አይቶ ውሃውን ማወቅ ይቻላል ወይ?» ላሉት፣ አዎ ይቻላል። ግን እንዲሁ በጭፍን አይደለም። የካርን ሠንጠረዥ እንዳለ ወደ እኛ ወንዞች ማምጣት አይቻልም። የእኛ ደጋ ጅረቶች ከመጀመሪያውም ብዙ ዝርያ የላቸውም። ከፍ ባለ ቦታ ላይ፣ ፏፏቴ ከታች በዘጋበት ጅረት ውስጥ፣ ምንም ብክለት ሳይኖር አንድም ዓሣ ላይገኝ ይችላል። ባሌ ውስጥ በዌብና በዳንካ ወንዞች የሚገኘው ትራውት ሰው ከውጭ አምጥቶ የጨመረው ነው። ብርዱና ኦክስጅኑ ስለተስማማው ኖረ። «ዓሣ የለም» ማለትና «ዓሣ ነበረ፤ ጠፋ» ማለት በጣም ይለያያሉ። እርስዎ ያሉኝ ሁለተኛውን ነው። ለዚህም ነው ጥያቄዎ የከበደኝ።

አሁን ወደ ጉማራ እንምጣ። በልጅነትዎ ያዩት ዓሣ የወንዙ ነዋሪ አልነበረም፤ ከጣና የመጣ ወላድ ነው። ሳይንሱ ላቢዮባርበስ ይለዋል፤ በብዙ ቦታ ቢልጫ ይባላል። ጣናን ከታችኛው ዓባይ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ለይቶታል። ፏፏቴው 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው ከታች ምንም ዓሣ ሊወጣው አይችልም። በዚህ ተለይቶ በቀረ ሐይቅ ውስጥ እነዚህ ዓሦች ለብቻቸው ተከፋፍለው 15 ዝርያ ሆነዋል። ይህን በዝርዝር አጥንተው ያወጡት በኔዘርላንድስ የዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ሊዮ ናግልከርክና ፈርዲናንድ ሲቢንግ ናቸው። አንዱ ከንፈረ ወፍራም ነው፤ ከጭቃና ከድንጋይ ሥር ይለቅማል። አንዱ አፈ ሰፊ ሆኖ ሌላ ዓሣ ያሳድዳል። ከ15ቱ 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። ይህ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። የዚህ ቤተሰብ ዓሦች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ሌላ ዓሣ ለማደን ያልተሠሩ ናቸው። ጣና ላይ ግን ሠሩት። በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ ተመሳሳይ የዓሣ ዝርያዎች ስብስብ ነበረ፤ አብዛኛው ጠፍቷል። ስለዚህ እርስዎ በልጅነትዎ ያዩት በዓለም ላይ ሌላ ቦታ ሄዶ የማይገኝ ነገር ነበር።

ከእነዚህ ዝርያዎች ቢያንስ ሰባቱ ለመራባት ወደ ወንዝ ይወጣሉ። ጊዜው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው፤ ድምቀቱ ነሐሴና መስከረም ላይ ይሆናል። መጀመሪያ ወንዙ ሐይቁን በሚቀላቀልበት አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ጎርፉ ሲገፋ ሽቅብ ይነሣሉ። ዋናው ጉማራ በዚያ ወቅት እንደ ቡና የጠቆረ ስለሆነ እዚያ አይቆዩም። አልፈው ወደ ገባሮቹ፣ ማለትም ወደ ጉማራ ወደሚፈስሱት ትናንሽ ወንዞች ይገባሉ። የሚመርጡት ቦታ ውሃው ስስ የሆነበት፣ ፈጥኖ የሚፈስበት፣ ጠራ ያለና ጠጠር የበዛበት ነው። በሰው ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ውሃ ውስጥ የክንድ ያህል ዓሣ ጀርባው ከውሃው ወጥቶ ሲንፈራገጥ ያያሉ። ሴቷ ጠጠሩን ትገፋለች፤ እንቁላሉ በጠጠሮቹ መካከል ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ወላጅ የለም። የሚጠብቀው በጠጠሩ ውስጥ ሰርጎ የሚያልፈው ውሃ ነው። ኦክስጅን እያመጣ፣ ቆሻሻ እየወሰደ ያኖረዋል።

ደለል የሚገድለው እዚህ ላይ ነው። ከጉና ተራራ ጀምሮ ያለው መሬት ታርሷል፤ ተዳፋቱም ሳይቀር። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ አፈሩ ይወርዳል። ትልቅ ዓሣ በደፈረሰ ውሃ ውስጥ መዋኘት ይችላል፤ ለጥቂት ቀን ስንጥቡን (የሚተነፍስበትን አካል) ቢያሳክከውም አይሞትም። እንቁላሉ ግን መሸሻ የለውም። ልሙ ጭቃ በጠጠሮቹ መካከል ይሞላና ይለስነዋል። ከላይ የሚፈሰው ውሃ ኦክስጅን የሞላው ነው፤ ከሁለት ጣት በታች ያለው እንቁላል ታፍኖ ይሞታል። ከላይ ናሙና ቀድተው ቢያስመረምሩ «ኦክስጅን በቂ» የሚል ወረቀት ይሰጥዎታል። ወረቀቱ አልዋሸም። ጣና ላይ ስለ እምቦጭ አረም ሁሉም ያወራል፤ መነገሩም ተገቢ ነው። ስለ ጠጠሩ ግን የሚያወራ ሰው ብዙ አላገኘሁም። እኔ ብጠየቅ በጉማራና በጎረቤቱ በርብ ወንዝ ገባሮች ያሉትን የጠጠር መሬቶች መጠበቅን አስቀድማለሁ።

ሁለተኛው የመንገዱ ነገር ነው። ፎገራ ላይ ሩዝና ሽንኩርት ስንት ቤተሰብ እንዳቆመ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ገበሬው ሞተር ፓምፑን ወንዙ ዳር የሚያስቀምጠው ልጆቹን ሊያበላ ነው፤ ማንም ሊወቅሰው አይገባም። ግን በበጋ ፓምፕ በፓምፕ ላይ ሲደረደር ወንዙ ይቆራረጣል፤ ኩሬ ኩሬ ሆኖ ይቀራል። በመኸር የተፈለፈሉት ጫጩቶች ወደ ሐይቁ መውረድ የሚገባቸው ውሃው እየጎደለ በሚሄድበት ጊዜ ነው። ኩሬ ውስጥ የቀረው ጫጩት ወይ ይደርቃል፣ ወይ የወፍ ምግብ ይሆናል፣ ወይ በሙቀቱ ይታፈናል። የመስኖ መጥለፊያም እንዲሁ ነው። ዝቅተኛ መስሎ የሚታይ የሲሚንቶ ግንብ ለዓሣ ግድግዳ ነው። መጥለፊያ ሲሠራ የዓሣ መተላለፊያ አብሮ መታሰብ አለበት። ከሥሩ የተከማቸ ወላድ ዓሣ ደግሞ ለአዳኝ ቀላል ሲሳይ ነው። አሸዋና ጠጠር በገልባጭ መኪና የሚወጣበት ቦታ ላይማ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የተጫነው ራሱ የመራቢያው አልጋ ነው።

ሦስተኛው አደኑ ነው፤ እዚህ ላይ በግልጽ መነጋገር አለብን። ቀድሞ በደንገል ታንኳ፣ ዳር ዳሩን ይጠመድ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1986 በኋላ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ሰፊውን ሐይቅ አዳረሰ። ገበያው ሲሰፋ ሰው አንድ ነገር ተማረ፤ ወላዱ ዓሣ በነሐሴ የት እንደሚሰበሰብ የታወቀ ነው። ወንዙ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት ማለት በሐይቁ ሙሉ ተበትኖ የነበረውን ወላድ በአንድ በር ላይ መጠበቅ ነው። ያውም እንቁላሉን ሳይጥል። ማርቲን ደ ግራፍ የተባለ የዓሣ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 መካከል ያለውን ሲያነጻጽሩ የእነዚህ ዓሦች ክምችት በክብደት ወደ 75 በመቶ ገደማ ወርዷል። በአሥር ዓመት ማለት ነው። የወጣቶቹ ዓሦች መቀነስ ከዚያም የባሰ ነበር። ይህ የሚያሳየው ትልልቆቹ መያዛቸውን ብቻ አይደለም፤ የሚተካ አለመወለዱን ጭምር ነው። ያኔ ደግሞ የሐይቁ ውሃ በኬሚካል ተመርዞ አልነበረም።

ከላይ፣ ገባሮቹ ላይ ደግሞ ብርብራ አለ። ዛፉን ያውቁታል። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲነሰነስ ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል። ይህ ከጥንት የነበረ ዘዴ ነው። አሠራሩን ተማሪዎችዎ ቢያውቁት ጥሩ ነው። ፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። በስንጥብ በኩል ወደ ዓሣው ደም ይገባል፤ ከዚያም ሴሎቹ ኦክስጅንን እንዳይጠቀሙበት ያግዳቸዋል። ዓሣው ኦክስጅን በሞላበት ውሃ ውስጥ ሆኖ ታፍኖ ይሞታል። በዚያው ሰዓት መሣሪያ ቢያስገቡ ንባቡ ጥሩ ነው። ሮቴኖን በፀሐይና በሙቀት ስለሚበታተን በቀናት ውስጥ ዱካው ይጠፋል። ጉዳቱ ግን ይቀራል። ቅርጫት ትልቁን ለይቶ ያወጣል፤ ብርብራ ግን ትልቁንም፣ ጫጩቱንም፣ ጫጩቱ ሊመገበው የነበረውን ነፍሳትም አብሮ ይጨርሳል። በመርዝ ማጥመድ በሕግም የተከለከለ ነው፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ። ሕጉ ነሐሴ ላይ ጅረቱ ዳር የሚቆምለት ሰው ነው ያጣው።

እንግዲህ ኬሚካሉና ኦክስጅኑ። «ቀጥሎ ይመጣል» አልኩ እንጂ ዋጋ የለውም አላልኩም። በተለይ የሽንኩርቱ ወቅት ያሳስበኛል። ፓይሬትሮይድ የሚባሉት የፀረ ተባይ ዓይነቶች ለሰው አንጻራዊ ደህንነት ቢኖራቸውም ለዓሣ እጅግ መርዛማ ናቸው። በጣም ትንሽ መጠን በትንሽ ጅረት ውስጥ ብዙ ይገድላል። መርጫውን ከወንዙ ራቅ አድርጎ፣ ማሳው ላይ ማጠብ ብቻ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ይህን ለወላጆች መንገር ከትምህርት ቤት የተሻለ ቦታ የለም።

ኦክስጅን ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። መጻሕፍቱ ላይ የምናነበው ቁጥር አብዛኛው በባሕር ጠለል ላይ የተለካ ነው። እዚያ 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ እስከ 9.1 ሚሊ ግራም በሊትር ኦክስጅን ይይዛል። ጣና ግን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ስለዚህ እዚያ ያው ውሃ ሙሉ በሙሉ ቢሞላም የሚይዘው ወደ 7.3 ነው። ውሃው በበጋ 28 ዲግሪ ቢደርስ ደግሞ ከ6 ብዙም አያልፍም። ብዙ ዓሣ ከ5 በታች ሲሆን መጨነቅ ይጀምራል፤ ከ2 በታች አብዛኛው ይሞታል። አያችሁ፣ የደጋ ወንዝ ገና ሲነሣ መጠባበቂያው ትንሽ ነው። ዝቅ ባለ አገር ወንዝ የሚችለውን ቆሻሻ የእኛ ወንዝ አይችለውም። የሌላ አገር ደረጃ ቀድተን «ይህን ያህል ቢፈስበት ችግር የለውም» ስንል ይህን መርሳት የለብንም።

ሌላው ሰዓቱ ነው። ማዳበሪያ የታጠበበት ውሃ አልጌ ያበቅላል። ቀን ላይ አልጌው በፀሐይ ኦክስጅን ይሠራል፤ ከሰዓት በኋላ ለክታችሁ ትደሰታላችሁ። ሌሊት ግን እሱም እንደሌላው ይተነፍሳል፤ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ዝቅተኛው ንባብ የሚገኘው ሊነጋጋ ሲል፣ ከንጋቱ 11 እና 12 ሰዓት ላይ ነው። የመንግሥት ሠራተኛም ተመራማሪም ቁርስ በልቶ፣ መኪና አስነሥቶ ወንዝ የሚደርሰው ረፋድ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የተለካ ኦክስጅን ብቻውን አያሳምነኝም። ከቆሻሻና ከማዳበሪያ የሚመጣው አሞኒያም ቢሆን እንዲሁ ነው። ፒኤቹ 7 በሆነ 25 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ካለው አሞኒያ መርዛማው ክፍል ከ1 በመቶ ያንሳል። አልጌ ፒኤቹን ወደ 9 ሲያወጣው ከሦስት እጁ አንዱ መርዛማ ይሆናል። «አሞኒያው ይህን ያህል ነው» የሚል ወረቀት ፒኤቹንና ሙቀቱን ካልነገረን ምንም አልነገረንም።

«አምባዛ ግን አሁንም ይገኛል» የሚል ሰው ያጋጥምዎታል። አምባዛ ከስንጥቡ በላይ አየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል አለው። ኦክስጅን ባለቀበት ኩሬ ውስጥ ብቅ እያለ አየር ስቦ ይኖራል። የአምባዛ መኖር ስለ ውሃው ጥራት ብዙ አይመሰክርም። ቢልጫ ጠፍቶ አምባዛ ብቻ ከቀረ እንዲያውም ተቃራኒውን ይመሰክራል።

ከተማሪዎችዎ ጋር ምን ማድረግ ይችላሉ? ብዙ ነገር፤ ያውም ያለ ውድ መሣሪያ። ዋናውን ወንዝና አንድ ጠጠራማ ገባር ምረጡ። ጎርፉ ካለፈ በኋላ፣ ጥቅምት መጨረሻ ወይም ኅዳር ላይ ሂዱ። በክረምት ልጆች ይዞ ወንዝ መግባት ፈጽሞ አይሞከርም። በበጋም ቢሆን ባዶ እግር አይግቡ። ጣና ዙሪያ ቢልሃርዝያ አለ፤ በቆዳ ነው የሚገባው። ቦት ጫማና ረጅም የጎማ ጓንት ከሌለ ድንጋዩን እርስዎም አይንኩት፤ ከጤና ጣቢያ ጋር ተነጋግራችሁ ለመሣሪያው ዕርዳታ ጠይቁ።

ጫማው ከተገኘ ከፈጣኑ ውሃ ውስጥ የጭብጥ ያህል ድንጋይ አንሥታችሁ ነጭ ሳህን ላይ ገልብጡት። ሥሩን ዕዩ። ጠፍጣፋ፣ ስድስት እግር ያለው፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀጭን ጅራት ያለው፣ ሆዱ ጎንና ጎን ስንጥብ የሚያርገበግብ እጭ ካገኛችሁ ጥሩ ዜና ነው። በአሸዋ ቅንጣት ቤት ሠርቶ የተለጠፈ እጭም ጥሩ ነው። ሁለቱም ኦክስጅን የበዛበት ውሃ ይወዳሉ። ሳህኑ ላይ ቀይ ቀይ ትል የመሰለ እጭ ብቻ ከበዛ ግን ልብ ይበሉ። ቅላቱ እንደ እኛ ደም ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ነው፤ ኦክስጅን በጠፋበት ጭቃ ውስጥ የሚኖረው በዚያ ነው። በእኛው ደጋ ወንዞች ነፍሳት ላይ ተመሥርቶ የተሠራ ኢትባዮስ የሚባል የነጥብ አሰጣጥ አለ። ዓሣ በሌለበት ጅረት ላይ እንኳ ይሠራል። ለእናንተ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን የሁለቱን ወንዞች ሳህን ጎን ለጎን ማየት ይበቃል።

በዚያው ዕለት አንድ ሊትር በሚይዝ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ጠርሙስ ከሁለቱም ቅዱ። ሳይነካ ሌሊቱን ያድር። ጠዋት ሥሩ ላይ የረጋውን ጭቃ በማስመሪያ ለኩት። በየወሩ ከደጋገማችሁት የእርሻው፣ የዝናቡና የደለሉ ግንኙነት በተማሪዎቹ ደብተር ላይ ይወጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ታሪክ ሰብስቡ። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችን፦ ዓሣው መጀመሪያ የሚታየው በየትኛው በዓል ሰሞን ነበር? እስከ የትኛው ገባር ይወጣ ነበር? የት የት ላይ ይራባ ነበር? መቼ ቀረ? ብላችሁ ጠይቁ። ፓምፕ የገባበትን፣ መጥለፊያ የተሠራበትን፣ አሸዋ መውጣት የጀመረበትን ዓመት ከጎኑ ጻፉ። ይህን ያህል ወደ ኋላ የሚሄድ መረጃ በማንም መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ የለም። ለእኛ ለተመራማሪዎች ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

ተስፋ አለው ወይ ብለው አልጠየቁኝም፤ እኔ ግን ልበል። ዓሣው ከጣና አልጠፋም። ወላዱ አሁንም አለ፤ አንሷል እንጂ። ነሐሴና መስከረም ላይ የወንዙ አፍና የመራቢያ ገባሮቹ ከመረብና ከብርብራ ነፃ ቢሆኑ፣ በገባሮቹ ዳርና ዳር ጥቂት ሜትር መሬት ሳይታረስ ሣርና ቁጥቋጦ ቢይዝ፣ ፓምፖቹ ተራ ገብተው ወንዙ እስከ ሐይቁ ባይቋረጥ፣ ዓሣው የቀረውን ራሱ ያውቅበታል። ከሦስቱ የመጀመሪያው ገንዘብ አይጠይቅም። ስለዚህ በዚያ መጀመር አለበት እላለሁ።

በመጨረሻ ስለ ሞተው ዓሣ። አይበላም። «ብርብራ ነው፤ ሲበስል ይጠፋል፤ አባቶቻችን በልተውታል» የሚለውን ሰምቻለሁ። ዛሬ ግን የተንሳፈፈው በብርብራ ይሁን በፀረ ተባይ መድኃኒት ማንም አይቶ ሊያውቅ አይችልም። ማብሰል ደግሞ የፀረ ተባይ መርዝን ያጠፋዋል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ከአሟሟቱ ግን ፍንጭ ማግኘት ይቻላል። ዓሣው ንጋት ላይ አፉን ከፍቶ ውሃው ላይ ሲንጠለጠል ከታየ፣ ትልልቆቹ ቀድመው ከሞቱ፣ ኦክስጅን አልቆ ይሆናል። ትልቁም ትንሹም በአንድ ጊዜ፣ በቀኑ በማንኛውም ሰዓት ካለቀ፣ ነፍሳቱም አብረው ከሞቱ፣ ከዚያ በላይ ያለው ወንዝ ግን ደህና ከሆነ፣ መርዝ መሆኑን ጠርጥሩ። እንዲህ ካጋጠመ ሰዓቱንና ቦታውን ጻፉ፤ ፎቶ አንሡ። በንጹሕ የመስታወት ጠርሙስ ከሞተበት ቦታ፣ ከላይና ከታች ውሃ ቅዱ። ገና ያልሸተተ፣ ስንጥቡ ቀይ የሆነ ዓሣ በጓንት ይዛችሁ በፎይል ጠቅልላችሁ በረዶ ላይ አድርጉ። ያኑ ዕለት ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም ባሕር ዳር ላለው የዓሣና ሌሎች የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከል አሳውቁ፤ ናሙናው ካደረ ብዙ ነገር ይጠፋል። የቀረውን ዓሣ ውሻም ዶሮም እንዳያገኘው ከወንዙ ራቅ አድርጋችሁ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቅበሩት። ከብቶቹም ከዚያ በታች ካለው ውሃ ለጥቂት ቀን እንዳይጠጡ ለመንደሩ ንገሩ።